ቅጠል ብቻ እንዳይሆንባችሁ፦ ቀይ ሥርን ከዘር ጀምሮ በጓሮ ማልማት

ቀይ ሥር ጣጣ የሌለው አትክልት ነው ይባላል፤ ሐሰት አይደለም። እንደ ቲማቲም ድጋፍ አይፈልግም፣ እንደ ጎመን ትል አያሳድደውም፣ በ2 ወር ተኩል ገደማ ለድስት ይደርሳል። ሆኖም ብዙ ጓሮ ላይ የሚታየው እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ዓይን የሚስብ ቅጠል ነው፤ ሲነቀል ግን ሥሩ አውራ ጣት አያክልም። አፈሩና ዘሩ ይወቀሳሉ እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ችግኙ ተጨናንቆ አድጓል፤ የሚያሳሳው ሰው እጁ አልጨከነም። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ብትረሱ እንኳ ስለ ማሳሳት፣ ማለትም ትርፍ ችግኝን ስለ መቀነስ የተጻፈውን አትርሱ።

ዘሩ

ከፓኬቱ የሚወጣው ሻካራ፣ ቡናማ ፍሬ አንድ ዘር አይደለም። ከ2 እስከ 5 የሚሆኑ ዘሮች ተጣብቀው የደረቁበት ጥቅል ነው። አንዱን ፍሬ ቀብራችሁ 3 ቡቃያ ከአንድ ጉድጓድ ቢወጣ ተሳስታችሁ አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው። የቆስጣም እንዲሁ ነው፤ ቆስጣና ቀይ ሥር በእጽዋት ሳይንስ አንድ ዝርያ ስለሆኑ ዘራቸውን ጎን ለጎን አስቀምጦ መለየት ያስቸግራል። በላስቲክ እየተመዘነ የሚሸጥ ዘር ከገዛችሁ የየትኛው እንደሆነ እዚያው ጻፉበት።

በአገራችን የግብርና መደብሮች በብዛት የሚገኙት ዲትሮይት ዳርክ ሬድ እና ክሪምሰን ግሎብ ናቸው። ሁለቱም ክብ ሥር ያላቸው፣ ለጓሮ የሚስማሙ ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ መጨነቅ አያስፈልግም። የሚያስጨንቀው ፓኬቱ ላይ ያለው ቀን ነው። ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ዘር 4 ዓመት ያህል ይቆያል፤ ፀሐይ በሚመታው መስኮት የተደረደረ ግን ቀኑ ሳያልፍ ሊሞት ይችላል። ጥርጣሬ ካለ 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ እዩት። በ10 ቀን ውስጥ 14 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ጥሩ ነው። ከ10 በታች ከሆነ ወይ እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩ፣ ወይ ሌላ ግዙ።

ከመዝራታችሁ በፊት በነበረው ምሽት ዘሩን በንጹህ ውሃ ዘፍዝፉ። ቅርፊቱ ውስጥ ብቅለትን የሚያዘገይ ንጥረ ነገር ስላለ ውሃው ያጥበዋል። ጠዋት ውሃው ቡናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ድፉት፣ ዘሩን አለቅልቁትና ወዲያው ዝሩት። ከ12 ሰዓት በላይ አታቆዩት፤ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ዘሩ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን የፈንገስ መድኃኒት ነውና አትዘፍዝፉት፤ በባዶ እጅም ብዙ አትነካኩት።

መቼ ይዘራል?

ቀይ ሥር ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1500 እስከ 2500 ሜትር ባለው ወይና ደጋና ደጋ፣ ማለትም በአዲስ አበባ፣ በጎንደር፣ በባሕር ዳር፣ በጅማ፣ በሐዋሳ ውሃ እስካለ ድረስ ዓመቱን ሙሉ ይሆናል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት አገር ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ቀዝቃዛ ጊዜ ብቻ ቢሞከር ይሻላል።

ከሁሉም የሚመቸው መስቀል አልፎ፣ ዝናቡ ቆሞ መሬቱ ገና እርጥበቱን ሳይጨርስ የሚዘራው ነው። በመስከረም መጨረሻ የተዘራ በታኅሣሥ አጋማሽ ይደርሳል፤ በጾመ ነቢያት መሀል ማለት ነው። ለዐቢይ ጾም የሚፈልግ ሰው ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ይዝራ። ጾሙ እንደ ዓመቱ ወዲያና ወዲህ ቢልም አብዛኛውን ጊዜ የካቲት ውስጥ ስለሚገባ፣ ሥሩ በየካቲት መጨረሻ ለበያይነቱ ይደርሳል። የክረምቱ ዘር፣ ማለትም የሰኔና የሐምሌው፣ አይከለከልም። ነገር ግን ደመናው እድገቱን ያዘገየዋል፣ ቅጠሉንም ነጠብጣብ ያበዛበታል፤ መደቡም ከፍ ካላለ ውሃ ይውጠዋል።

እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ውርጭ በሚጥልበት ከፍተኛ ደጋ ጉዳዩ ሌላ ነው። ቀይ ሥር በተፈጥሮው በመጀመሪያው ዓመት ሥር አበጅቶ፣ ብርድ ካሳለፈ በኋላ በሁለተኛው የሚያብብ ተክል ነው። ችግኙ ለሳምንታት ከ10 ዲግሪ በታች ብርድ ከተመታ ብርዱን አሳልፌ ሁለተኛው ዓመት ገባ ብሎ ሥሩን ትቶ የአበባ ግንድ ያወጣል። ስለዚህ በእነዚህ ቦታዎች የጥር ብርድ እስኪያልፍ መታገስ ነው።

አፈሩና መደቡ

ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። ከዛፍ ወይም ከግንብ ጥላ ሥር የተዘራ ቅጠሉ ይረዝማል እንጂ ሥሩ አይሞላም።

አፈሩ ልል መሆን አለበት። በዶማ እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ፤ ድንጋዩን፣ የጡብ ስባሪውን፣ የሰርዶውን ሥር ልቀሙ። ሥሩ መሬት ውስጥ ጠጠር ሲያጋጥመው መንታ ይሆናል ወይም ይጣመማል። ለ1 ካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ኪሎ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ጨምራችሁ አደባልቁ። «በደንብ የበሰበሰ» የሚለው ቃል ለማሳመር የገባ አይደለም። ሽታው ያልጠፋ፣ ሲጨብጡት የሚሞቅ ፍግ ከገባ ናይትሮጅኑ ሁሉ ወደ ቅጠል ይሄዳል፣ ሥሩም ይበጣጠሳል። ትኩስ ፍግ ብቻ ካላችሁ ዘንድሮ ጎመን ትከሉበት፤ ቀይ ሥሩን በሚቀጥለው ዙር አምጡት። ማዳበሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ለ1 ካሬ ሜትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ኤንፒኤስ በቂ ነው። ዩሪያ ባይገባ ይመረጣል።

ዋልካ በሆነ ጥቁር አፈር ላይ፣ ቢሾፍቱ አካባቢ እንዳለው ዓይነት፣ መደቡን ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። ስፋቱ ከ1 ሜትር ከ20 አይብለጥ፤ ከግራም ከቀኝም እጅ መሀሉ ላይ እንዲደርስ ነው። መደቡን ረግጦ መግባት የቆፈራችሁትን መልሶ መጠቅጠቅ ነው።

ቀይ ሥር አሲዳማ አፈር አይወድም፤ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ) ከ6 እስከ 7.5 ይስማማዋል። በአገው አዊ፣ በወለጋ፣ በጅማ ዙሪያ አሲዳማ መሬት ብዙ ነው። ምልክቱ ቡቃያው ወጥቶ ለሳምንታት ባለበት መቆሙ፣ ቅጠሉም ያለ ጊዜው መቅላቱ ነው። እዚያ ከመዝራት አንድ ወር ቀደም ብሎ ኖራ፣ እሱ ከሌለ ለ1 ካሬ ሜትር እስከ 150 ግራም የእንጨት አመድ መበተን ይረዳል። አመድ ጥሩ ነው ተብሎ ከምድጃ የወጣውን ሁሉ በየሳምንቱ መድፋት ግን ሌላ በሽታ ይጠራል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ቆስጣ ወይም ስፒናች በቅርቡ የተነቀለበት መደብ ላይ አትዝሩ። ዘመዳሞች ስለሆኑ የአንዱ በሽታ ለሌላው ይተርፋል። ከሽንኩርት፣ ከአደንጓሬ ወይም ከድንች በኋላ ቢገባ መልካም ነው።

ጓሮ የሌለው ሰው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አጋድሞ የላይኛውን ጎን ይቅደድ፣ የታችኛውን በጋለ ሚስማር 8 ቦታ ይብሳ። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት ሞልቶ 5 ወይም 6 ተክል ያሳድግበታል። ከዚያ በላይ ማጨቅ ትርፉ ቅጠል ነው።

አዘራር

በመደቡ ላይ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መስመር አውጡ። የጣት የመጀመሪያው አንጓ ያህል ነው። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ፣ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ጣል ጣል አድርጉ። በዚህ ስሌት 1 ካሬ ሜትር 80 ፍሬ ይበላል፤ ይህም 1 ግራም ተኩል ያህል ነው። 10 ግራም ፓኬት 6 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ማለት ነው፤ ለመካከለኛ ቤተሰብ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ሁሉንም በአንድ ቀን ከመዝራት መደቡን ሦስት ቦታ ከፍላችሁ በ3 ሳምንት ልዩነት ብትዘሩ አንድ ላይ ደርሶ አያስጨንቃችሁም።

መስመሩን በወንፊት በተነፋ ኮምፖስት ወይም በልል አፈር ሸፍኑና በመዳፍ ጫን ጫን አድርጉ፤ ዘሩ ከአፈሩ ጋር ካልተነካካ እርጥበት አይስብም። ማጠጫው ወንፊት ያለው ይሁን። በጆግ የተደፋ ውሃ ዘሩን ጠርጎ አንድ ጥግ ያከማቻል፤ ሸክላማ አፈር ከሆነ ደግሞ ሲደርቅ ቅርፊት ይሠራና ቡቃያው ሰብሮ መውጣት ያቅተዋል። ስስ አድርጎ ጭድ መበተን ይህን ይከላከላል፤ የመጀመሪያዎቹ ቡቃያዎች ሲታዩ ግን ጭዱን በዚያው ቀን ማታ ወደ መስመሮቹ መሀል ግፉት።

በሞቃት ሳምንት በ6 ወይም 7 ቀን፣ በብርድ እስከ 14 ቀን ድረስ ይበቅላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የላይኛው አፈር አንድ ቀን እንኳ ከደረቀ ብቅለቱ የተቆራረጠ ይሆናል። ዶሮ ካላችሁ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሾህ ወይም መረብ አልብሱት።

ማሳሳት

ቡቃያው 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆንና ከሁለቱ ለስላሳ የመጀመሪያ ቅጠሎች ሌላ ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያበቅል የመጀመሪያው ማሳሳት ይደረጋል። ይህ ከተዘራ በ3ኛው ሳምንት ግድም ነው። ጎንበስ ብላችሁ አንዱን ጥቅል ብታዩት ሦስት ቀያይ ግንዶች ከአንድ ነጥብ ተነስተው፣ አንገታቸው ተነካክቶ፣ ፀሐይ ፍለጋ ወደ ሦስት አቅጣጫ ዘመም ብለው ታገኟቸዋላችሁ። ከመሬት በታች ሥሮቻቸው ተጠላልፈዋል። ስለዚህ ሁለቱን ጎትቶ መንቀል የሚቀረውንም ያነቃንቀዋል። ትንሽ መቀስ ይዛችሁ ወፍራሙን ትታችሁ ሌሎቹን ከአፈሩ ልክ ቁረጧቸው። የተቆረጠው ተመልሶ አያድግም። ከእያንዳንዱ ጥቅል አንድ ብቻ ይቅር፤ ሁለት መተው «ለመጠባበቂያ» ይመስላል፣ ውጤቱ ግን ሁለት ያልረቡ ሥሮች ናቸው።

ሁለተኛው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ነው። አሁን በተክልና በተክል መሀል ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን አንዱን እየዘለላችሁ ንቀሉ። መደቡን አስቀድማችሁ አጠጡት፤ የሚቀረውን በአንድ እጅ ጣቶች አፈሩ ላይ ይዛችሁ የሚወጣውን በሌላው ሳቡ። የወጣው አይጣልም። ቅጠሉ ከነግንዱ እንደ ቆስጣ ተጠብሶ ይበላል።

ሥር የሚፋፋው ቅጠሉ ሠርቶ የሚያስቀምጥበት ቦታ ሲያገኝ ነው። በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት 1 ካሬ ሜትር ላይ 40 ተክል ይቆማል፤ እያንዳንዱ 100 ግራም ቢመዝን 4 ኪሎ ነው። ሳይሳሳ የቀረ ያው 1 ካሬ ሜትር 200 ቡቃያ ተሸክሞ አንድ ሰላጣ የሚሞላ ሥር ላይሰጥ ይችላል።

ክፍተት ያለበትን ቦታ ከተነቀሉት መሙላት ይቻላል። አራት ቅጠል ሳያልፉ፣ ከነአፈራቸው በማንኪያ አንስታችሁ፣ ማታ ላይ፣ ዋናው ሥር ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ እንዲገባ አድርጋችሁ ትከሉ። ከሌሎቹ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ዘግይተው ይደርሳሉ። ሁሉንም ችግኝ መደብ ላይ አፍልቶ ማዛወር ግን አይመከርም፤ የተቆረጠ ሥር የተጣመመ ቀይ ሥር ነው የሚሆነው።

ውሃና ኩትኳቶ

በሳምንት ለ1 ካሬ ሜትር ከ20 እስከ 30 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል፤ በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ተከፍሎ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን በጀሪካን አስቡት፦ 2 ካሬ ሜትር መደብ በሳምንት ከ2 እስከ 3 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ጎመን የታጠበበት ውሃ ይሆናል። የቦይ ፍሳሽ በፍጹም አይሆንም፤ ቀይ ሥር በጥሬው ሰላጣ ውስጥም የሚገባ ነው።

ከመጠኑ ይልቅ መዛነፉ ይጎዳል። ሁለት ሳምንት ደርቆ በአንድ ቀን የጠገበ ሥር ይሰነጠቃል። ሙቀትና ድርቀት እየተፈራረቁበት ያደገ ደግሞ ሲቆረጥ ነጫጭ ቀለበት ያሳያል፤ ይበላል፣ ጣዕሙ ግን ይቀንሳል።

አረሙን በእጅ ልቀሙ ወይም በትንሽ መኮትኮቻ ላይ ላዩን ብቻ ቧጥጡ። ሥሩ የተጫረ እንደሆነ በዚያው ጠባሳ ይበሰብሳል። ትከሻው ከአፈር ወጥቶ ከታየ ትንሽ አፈር አልብሱት።

ምን ያጋጥማል?

ቡቃያው አንገቱ ጠቁሮና ቀጥኖ ከወደቀ፦ መደቡ ውሃ በዝቶበታል፤ በቀዝቃዛና ውሃ ባቆረ አፈር የሚነሳ ፈንገስ ነው። ለወደቀው መድኃኒት የለውም፤ ለቀሪው ውሃ ቀንሱ፣ ጠዋት ብቻ አጠጡ፣ ቶሎ አሳሱ።

ችግኙ ጠዋት ላይ በመቀስ እንደተቆረጠ ተጋድሞ ከተገኘ፦ ቆራጭ ትል ነው። ሌሊት በልቶ ቀን እዚያው አጠገብ ይተኛል። በተቆረጠው ዙሪያ እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጫር ጫር ብታደርጉ ተጠቅልሎ የተኛ ግራጫ ትል ታገኛላችሁ። በየማለዳው ለቅሞ መግደል ለጓሮ ከማንኛውም ርጭት ይበልጣል። መደቡን ከመዝራት 3 ሳምንት በፊት ቆፍሮ ከአረም ማጽዳት ቁጥሩን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ቅጠሉ ከሥር በኩል ክሽክሽ ሰፍሮበት ከተጨማደደ፦ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና አዋህዳችሁ ማታ ላይ የቅጠሉን ጀርባ ርጩ፤ ከ4 እስከ 5 ቀን ቆይታችሁ ድገሙ። ፊት ለፊቱን ብቻ መርጨት ድካም ነው።

ቅጠሉ ላይ መሀሉ ግራጫ፣ ዙሪያው ወይን ጠጅ የሆነ ክብ ነጠብጣብ ከበዛ፦ በእርጥበት ወቅት የሚስፋፋ የቅጠል በሽታ ነው። የታመመውን ቅጠል ቆርጣችሁ ከጓሮ አውጡ፣ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩ፣ ውሃውን ከሥር አጠጡ፤ ለ2 ወይም 3 ዓመትም እዚያ መደብ ላይ ቀይ ሥርም ቆስጣም አትመልሱ። ጥቂት ነጠብጣብ ግን ሥሩን አይጎዳም፤ አትደንግጡ።

ሥሩ ሲቆረጥ ውስጡ ጥቁርና ቡሽ የመሰለ ነገር ካለበት፣ መሀል ያሉት ትናንሽ ቅጠሎችም ከሞቱ፦ የቦሮን እጥረት ነው። ቀይ ሥር ከሌሎች አትክልቶች ይልቅ ቦሮን ይፈልጋል። ኖራና አመድ የበዛበት አፈር ደግሞ ያለውን ቦሮን እንኳ አስሮ ይይዘዋል፤ አመዱን በልክ ያልነው ለዚህ ነው። በየዓመቱ ኮምፖስት የሚገባበት መሬት ብዙ አይቸገርም። ምልክቱ ከተደጋገመ ለ3 ካሬ ሜትር አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ቦራክስ በ10 ሊትር ውሃ አሟሙታችሁ ከመዝራት በፊት አጠጡ፤ በዓመት አንዴ ብቻ። ትንሽ ከበዛ ለተክል መርዝ ነው፤ አደንጓሬ በተለይ አይችለውም።

ተክሉ ሳይታሰብ ደርቆ፣ ሲነካ ያለ ሥር እጅ ላይ ከቀረ፣ አጠገቡም አዲስ የአፈር ክምር ከታየ፦ ፍልፈል ገብቷል። አጥር አያግደውም፤ ከሥር ነው የሚመጣው። ፍልፈል የበዛበት ሰፈር ያለ ሰው መደቡን ሲሠራ 40 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ የዶሮ ሽቦ ከታች ቢያነጥፍ አንዴ ደክሞ ለዓመታት ያርፋል።

የአበባ ግንድ ያወጣውን ተክል መቁረጥ አይመልሰውም። ወዲያው ንቀሉት፤ ቅጠሉ ይበላል፣ ሥሩ እንጨት ሆኗል።

አነቃቀልና አቀማመጥ

በወይና ደጋ ከ65 እስከ 80 ቀን፣ በደጋ እስከ 100 ቀን ይፈጃል። ቀኑን ከመቁጠር ትከሻውን ማየት ይበልጣል፤ አፈሩን በጣት ገለጥ አድርጋችሁ ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ መንቀል ጀምሩ። ትልልቆቹን አስቀድማችሁ ብታወጡ ቀሪዎቹ በተለቀቀላቸው ቦታ ይሞላሉ። ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ምርጥ ነው፤ ከ10 ያለፈ ቃጫ ይበዛበታል። ገበያ ላይ ትልቁ ይወደዳል፣ ድስት ውስጥ ግን ትንሹ ነው የሚጣፍጠው። በመሀሉ ቅጠል መቅጠፍ ይቻላል፤ ከአንድ ተክል በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አትውሰዱ።

ቅጠሉን በቢላ ሳይሆን በእጅ ጠምዝዛችሁ፣ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ግንድ ትታችሁ አውልቁ። ጭራውንም አትቁረጡ። የተቆረጠ ቀይ ሥር ሲቀቀል ቀለሙን ውሃው ውስጥ ጨርሶ ገርጥቶ ይወጣል፤ ሳይቆረጥ ከነልጣጩ ተቀቅሎ ኋላ ከተላጠ ግን ቀለሙ ከራሱ ጋር ይቀራል።

ለማቆየት የታሰበ አይታጠብም። አፈሩ ይራገፍለት፣ የተጫረው ተለይቶ ቶሎ ይበላ። ደህናው በሳጥን ወይም በባልዲ ውስጥ፣ በጥቂቱ እርጥብ በሆነ አሸዋ፣ እርስ በርሱ ሳይነካካ ተደርድሮ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ቢቀመጥ ለበርካታ ሳምንታት አይጨማደድም። አሸዋው ሲጨበጥ ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ በዝቷል። ፍሪጅ ላለው ሰው ደግሞ የተበሳ ላስቲክ ይበቃዋል። የተረፈውን ዘር ፓኬቱን አጥፋችሁ ክዳን ባለው ደረቅ ብርጭቆ ውስጥ ክተቱና ከምድጃ አርቁት።